ምድር ትንቀሳቀሳለች? ከባሕር ዳር ሆኖ የሚታየውና የሚለካው

«ምድር በእርግጥ የምትዞር ከሆነ ለምን አይሰማንም?» የሚለው ጥያቄ በቴሌግራም ቡድኖችም፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ደጃፍም፣ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜም ደጋግሞ ይነሳል። የሚሰጠው መልስ ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄውን አይመጥነውም። አንዱ «ሳይንስ አረጋግጦታል» ብሎ ያልፋል፤ ምን ተለክቶ፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ እንደተረጋገጠ አይናገርም። ሌላው ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ቁጥር ጠቅሶ ወሬውን ይዘጋዋል። ጠያቂው ግን የጠየቀው ደህና ጥያቄ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኮፐርኒከስ ምድር ትዞራለች ብሎ ካሳተመበት ከ1543 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማያሻማ የልኬት ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ ከ180 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ማስረጃዎቹም ሁሉ እኩል አይደሉም። እንደ ባሕር ዳር ለምድር ወገብ በቀረበ ቦታ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ዝነኛ የሆነው ማስረጃ ይዳከማል። ማንም ልብ የማይለው ሌላው ማስረጃ ደግሞ በየጣሪያው ላይ ተተክሎ ይገኛል።

የትኛው እንቅስቃሴ ነው የሚባለው?

ሁለት እንቅስቃሴዎችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ የምትሽከረከረው ነው። ዛቢያ ማለት ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ በምድር መሐል ያልፋል ብለን የምናስበው መስመር ነው። አንድ ሙሉ ዙር 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ይፈጃል። 24 ሰዓት ያልሆነው በዚያው ቀን ምድር በፀሐይ ዙሪያም ጥቂት ስለምትራመድ ነው፤ ያው ቦታ እንደገና ከፀሐይ ፊት ለፊት እስኪደርስ ወደ አራት ደቂቃ ያህል መጨመር ይኖርባታል። ኮከቦች በየምሽቱ አራት ደቂቃ ያህል ቀድመው የሚወጡትም ለዚህ ነው።

በምድር ወገብ ላይ የዚህ ሽክርክሪት ፍጥነት በሰዓት ወደ 1,670 ኪሎ ሜትር ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 11.6 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለሆነች ወደ 1,640 ይወርዳል፤ በሰከንድ 455 ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ በፀሐይ ዙሪያ የሚደረገው ዓመታዊ ጉዞ ነው። ርቀቱ በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምድር ዛቢያ ለዚህ ምሕዋር (የዙሪያ ጉዞ መንገድ) ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ 23.4 ዲግሪ ያዘነብላል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ከሁለቱም ጋር አይገናኝም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ደጋግሞ የደረሰው መንቀጥቀጥ «ምድር ተንቀሳቀሰች» ሲያሰኝ ቆይቷል፤ ያ ግን ከምድር ቅርፊት ውስጥ የሚነሳ ንዝረት ነው እንጂ የሽክርክሪቱ ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ ለምን አይሰማንም?

ሰውነታችን ፍጥነትን አይለካም፤ የፍጥነትን ለውጥ ነው የሚለካው። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጀልባዋ ስትነሳ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ስትቆም ወደ ፊት ያዘነብላል፤ በመሐል ግን ሐይቁ ጸጥ ካለና ሞተሩ ባይጮህ ኖሮ ዓይኑን ጨፍኖ መሄዷን አያውቅም ነበር።

በዚያች ጀልባ ላይ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ከአንድ ሜትር ከፍታ ልቀቁ። ወለሉ ላይ ለመድረስ 0.45 ሰከንድ ይፈጅበታል። ጀልባዋ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ከሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ 1.9 ሜትር ትራመዳለች። «ምድር ብትዞር ኖሮ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ወደ ኋላ ይቀር ነበር» የሚለው ክርክር ትክክል ቢሆን ሳንቲሙ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ መውደቅ ነበረበት። አይወድቅም፤ ከእጃችሁ ሥር፣ እግራችሁ አጠገብ ነው የሚያርፈው። ከእጅ ሲለቀቅ የጀልባዋን ፍጥነት ይዞ ነው የሚወጣው። ባሕር ዳር መሬት ላይ ቆሞ የሚለቀቅ ሳንቲም እንደዚሁ በሰከንድ 455 ሜትር ይዞ ይወጣል። አየሩም፣ ሐይቁም፣ ወፉም እንደዚያው።

ሙከራው የሚበላሸው ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ሲኖር ጀልባዋ ትናጣለች፣ ሳንቲሙም ወዲያና ወዲህ ይዘላል። በጀልባዋ ሽፋን ሥር ሳይሆን በግልጽ ነፋስ ላይ ቀላል ነገር፣ ለምሳሌ ወረቀት፣ መልቀቅም አያዋጣም።

እውነቱን ለመናገር ሽክርክሪቱ ፍጹም ዱካ የለውም ማለት አይደለም። ክብ መዞር ራሱ የአቅጣጫ ለውጥ ስለሆነ ከስበት ላይ ጥቂት ይቀንሳል። በባሕር ዳር አንድ ኩንታል ጤፍ በባለ ስፕሪንግ ሚዛን ሲሰቀል፣ ምድር ባትሽከረከር ከሚያሳየው ወደ 330 ግራም ያህል አሳንሶ ያሳያል። በድንጋይ ሚዛን ግን ይህ አይታይም፤ ድንጋዩም በዚያው ልክ ስለሚቀል።

ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ እናያለን፤ ይህ አይበቃም?

አይበቃም፤ ለሁለቱም ወገን አይበቃም። ፀሐይ ብትዞርም ምድር ብትሽከረከርም ከዳርቻው የሚታየው አንድ ነው።

አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ ሜዳ ላይ በቱንቢ አስተካክሎ መትከልና ጥላውን መከታተል ብዙ ነገር ያስተምራል። ከቀኑ 5:30 እስከ 7:30 ድረስ በየአሥር ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ማድረግ ነው። ጥላው በጣም የሚያጥርበት ጊዜ እኩለ ቀን ነው፤ ያኔ ጥላው ትክክለኛውን የሰሜን–ደቡብ መስመር ይይዛል። ባሕር ዳር ላይ ይህ የሚሆነው 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ እንደ ወሩ እየተለዋወጠ በአማካይ ወደ 6:30 ነው። የአገራችን ሰዓት የተስተካከለው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን ባሕር ዳር ከዚያ 7.6 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ናት፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ አራት ደቂቃ ነው።

ታኅሣሥ 12 አካባቢ የዚህ ዱላ የቀትር ጥላ 70 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቁ ይተኛል። ሚያዝያ 12 አካባቢ ጥላው ይጠፋል፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ሰኔ 14 ቀን 21 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ደቡብ ይዞራል። ነሐሴ 16 አካባቢ እንደገና ይጠፋል፤ ደመናው ካስቻለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዱላውን አዘንብሎ በመትከል ነው፤ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ጥላው ወደ 1.7 ሳንቲ ሜትር ይዛባል። የጥላው ጫፍ ደብዘዝ የሚለው ደግሞ የዱላው ጥፋት አይደለም። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ስፋት ያላት ክብ ስለሆነች ከአንድ ሜትር ዱላ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል የደበዘዘ ጠርዝ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ግን የምድርን መዞር አያረጋግጥም። ምድርን መሐል ላይ ያቆመው የጥንቱ የበጥሊሞስ ስሌትም ይህንኑ ጥላ ይሰጣል። ግርዶሽን ቀድሞ መናገርም ማስረጃ አይሆንም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆኖ የታየው ዓይነት ግርዶሽ በጥንቱም ስሌት ሊተነበይ ይችላል፤ የሰዓቱ ትክክለኛነት ይለያይ እንጂ። «ግርዶሹን ቀድመው ካወቁ ሌላውም ልክ ነው» የሚል ሰው መደምደሚያው ትክክል ቢሆንም መንገዱ የተሳሳተ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ይላሉ?

በብዛት የሚጠቀሱት አራት ቦታዎች ናቸው። መዝሙር 103 (በሌላው አቆጣጠር 104) ቁጥር 5 ምድር እንዳትናወጥ በመሠረቷ ላይ መጽናቷን ይናገራል። መዝሙር 92 (93) ቁጥር 1 ስለ ዓለም ተመሳሳይ ነገር ይላል። መክብብ 1፥5 ፀሐይ እንደምትወጣ፣ እንደምትገባ፣ ወደምትወጣበትም እንደምትቸኩል ይገልጻል። ኢያሱ 10፥12–13 ላይ ኢያሱ ፀሐይ በገባዖን ላይ እንድትቆም ያዝዛል። በቁርኣን በሱረቱ ያሲን (36፥38–40) ፀሐይ ወደ መርጊያዋ እንደምትሮጥ፣ ፀሐይም ጨረቃም በየመዞሪያቸው እንደሚዋኙ ተነግሯል።

እነዚህን ቃል በቃል ስለ ሰማይ አካላት አሠራር የተሰጡ መግለጫዎች አድርጎ የሚያነብ ምእመን አለ፤ በቆመበት ቦታ ለሚያይ ሰው በሚገባ ቋንቋ የተነገሩ ናቸው ብሎ የሚያነብም አለ። ሁለተኛው አነባበብ ሳይንስ ካስገደደ በኋላ የመጣ ማምለጫ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የነበረው አውግስጢኖስ በአምስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ኮፐርኒከስ ሳይወለድ ከ1,000 ዓመት በፊት፣ ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ከዋክብት ያልተረዳውን ከመጽሐፍ ጠቅሶ እንዳይሟገት አስጠንቅቋል። በአገራችንም የአንድምታ ትርጓሜ አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ ማየትን ከጥንት የለመደ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ነውና። ምዕራፍ 72 ፀሐይ በምሥራቅ ካሉ ስድስት ደጆች ወጥታ በምዕራብ ባሉ ስድስት ደጆች እንደምትገባ ይተርካል። በዚህ ውስጥ እውነተኛ ምልከታ አለ። ከዘጌ ዳርቻ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ንጋትን የሚከታተል ሰው ፀሐይ የምትወጣበት ቦታ ከትክክለኛው ምሥራቅ ሰኔ ላይ 24 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ ታኅሣሥ ላይ 24 ዲግሪ ወደ ደቡብ ሲሄድ ያያል። ጠቅላላ 48 ዲግሪ ነው፤ በስድስት ደጅ ቢካፈል በአማካይ ስምንት ስምንት ዲግሪ ይደርሳል። በሌላ በኩል ያው ምዕራፍ ረጅሙን ቀን የሌሊቱ እጥፍ ያደርገዋል። በጣና ዳርቻ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እንደ ልኬት ሠንጠረዥ ለዚህ አገር ልሥራበት ቢሉ አይሠራም።

በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብስ? ችግሩ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ የሚሰሉት፣ የ19 ዓመቱ ዑደት የሚቆጠረው፣ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜ 6 የምትሆነው፣ ሁሉም ከምድር በሚታየው የፀሐይና የጨረቃ መመላለስ ነው። ምድር ትዙር ፀሐይ ትዙር ቁጥሩ አይለወጥም። የሶላት ሰዓቶችም እንዲሁ። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖረው ሙስሊሙ የሥነ ፈለክ ሊቅ አል ቢሩኒ የምድር መሽከርከር ለሥነ ፈለክ ስሌት ልዩነት እንደማያመጣ ጽፏል። በጣና ደሴቶች ገዳማት ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምር መምህርም ትምህርቱን ለመጠበቅ ሲል ከፊዚክስ ጋር መጣላት አያስፈልገውም።

ጋሊሊዮ የተከሰሰው ማስረጃ ይዞ ነበር?

በ1616 እ.ኤ.አ. የሮም ቤተ ክርስቲያን የኮፐርኒከስን መጽሐፍ እስኪታረም ድረስ አገደች። በ1633 ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጋሊሊዮ ምድር ትዞራለች በማለቱ ተፈርዶበት በ1642 እስኪሞት ድረስ በቤት እስር ቆየ። የኮፐርኒከስ መጽሐፍ ከተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ሙሉ በሙሉ የወጣው በ1835 ነው፤ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ የክሱን ስህተት በይፋ የተናገሩት ደግሞ በ1992።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ይኸውና፦ ጋሊሊዮ የማያሻማ ማስረጃ አልነበረውም። በ1610 በቴሌስኮፕ ቬነስ እንደ ጨረቃ ስትሞላና ስትጎድል አየ። ይህ የበጥሊሞስን ሥርዓት ጣለ፤ የዴንማርካዊውን የሥነ ፈለክ ሊቅ የታይኮ ብራሄን ግን አልነካም። በታይኮ ሥርዓት ሌሎቹ ፈለኮች በፀሐይ ዙሪያ ይዞራሉ፣ ፀሐይ እነሱን ይዛ በቆመችው ምድር ዙሪያ ትዞራለች። ጋሊሊዮ ዋና ማስረጃዬ ያለው የባሕር ውኃ በየዕለቱ ከፍና ዝቅ ማለት ነበር፤ እሱም ስህተት ሆኖ ተገኘ፤ ዋናው መንስኤ የጨረቃ ስበት ነው። በሮም በኩል የነበሩት ካርዲናል ቤላርሚኖ በ1615 በጻፉት ደብዳቤ እውነተኛ ማረጋገጫ ቢመጣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ በጥንቃቄ እንደገና ማየት እንደሚያስፈልግ ተናግረው ነበር። በማስረጃው ጎዶሎነት በኩል ጥርጣሬያቸው አግባብ ነበረው፤ በጥርጣሬ ተነሥቶ መጽሐፍ ማገድና ሽማግሌ ማሰር ግን ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ የሚለየው ማስረጃ መቼ ተገኘ?

ታይኮ አንድ ጠንካራ ጥያቄ ትቶ ነበር። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞር ከሆነ በስድስት ወር ውስጥ 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። ያኔ ቅርብ ያሉ ኮከቦች ከሩቆቹ አንጻር ቦታ ሲለውጡ መታየት አለባቸው። እሱ ፈልጎ አጣው። የእሱ መሣሪያዎች የሚለዩት የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ያህል ነበር፤ የሚፈለገው ደግሞ ከዚያ 200 ጊዜ ያነሰ ነው።

እንግሊዛዊው ጄምስ ብራድሊ ይህንኑ ሲፈልግ በ1720ዎቹ መጨረሻ ያልጠበቀውን አገኘ። በድራጎን ኅብረ ከዋክብት ያለ አንድ ኮከብ በዓመት ውስጥ ጥቂት ወዲያ፣ ጥቂት ወዲህ ሲል ለካ፤ ነገር ግን በተጠበቀው ወር አልነበረም፣ ሦስት ወር ያህል ያፈነግጣል። ምክንያቱን ለማየት ወደ ጀልባዋ እንመለስ። ዝናብ ቀጥ ብሎ ሲወርድ የቆመች ጀልባ ላይ ቀጥ ብሎ ያርፋል፤ ጀልባዋ ስትሄድ ያው ዝናብ ከፊት ለፊት አዘንብሎ የሚመጣ ይመስላል። የኮከብ ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ምድር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ጥምርታው ከ10,000 አንድ ነው፤ በ100 ሜትር ርቀት ላይ የአንድ ሳንቲ ሜትር ዝንፈት ያህል። ብራድሊ የለካው ይህንኑ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ምድር ወደ ተቃራኒው ስትሄድ ማዘንበሉም ይገለበጣል።

ይህን ግኝት ጠንካራ የሚያደርገው ሁሉም ኮከቦች፣ ቅርብም ሩቅም፣ በአንድ ልክና በአንድ ዓመት ምት መወዛወዛቸው ነው። ምድር ቆማ ከሆነ እያንዳንዱ ኮከብ የየራሱን ውዝዋዜ ከእኛ ዓመት ጋር እንዲያስማማ የሚያደርገው ምክንያት የለም።

ታይኮ የፈለገውን ራሱን ያገኘው ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ቤሰል ነው፣ በ1838። ሲግነስ በሚባለው ኅብረ ከዋክብት ያለችው 61ኛዋ ኮከብ የምታሳየው የቦታ ለውጥ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ነገር 1.5 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ የማየት ያህል ነው። ኮከቧ 11.4 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ ያን ያህል ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ ሕዋ የተላከችው ጋያ የተባለች መንኮራኩር ይህንኑ ዓይነት ልኬት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ለሆኑ ኮከቦች አድርጋለች።

ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ምን አገናኘው?

በራሷ ዛቢያ ላይ ለመሽከርከሯ ባሕር ዳር ውስጥ በጣም ቅርቡ ማስረጃ ይህ ነው። ዲሹ አንዴ ከተስተካከለ ለዓመታት ሳይነካ ይሠራል። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለው ብዙውን ጊዜ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን የኢትዮሳት ሳተላይት ነው የሚያየው፤ ወደ ምዕራብ የዞረው በ7 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ ያለውን ናይልሳት። ሁለቱም ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው።

አንድ ነገር በዚያ ከፍታ ላይ ዝም ብሎ ሊቆም አይችልም፤ ስበት ይጎትተዋል፣ ይወድቃል። እንዳይወድቅ በሰከንድ 3.07 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን መሮጥ አለበት። በዚያ ፍጥነት አንድ ዙር ለመጨረስ የሚፈጅበት 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ከእኛ አንጻር የቆመ የሚመስለው እኛም በእኩል ጊዜ ስለምንዞር ብቻ ነው። ምድር ቆማ ብትሆን ሳተላይቱ በየቀኑ ከምዕራብ ወጥቶ በምሥራቅ ይጠልቅ ነበር፤ የዲሽ ባለሙያውም በየደቂቃው ዲሹን እየተከተለ ሲያዞር ይኖር ነበር። «ሳተላይቱ በእርግጥ ቆሟል» የሚል ሰው ምን እንደያዘው ማስረዳት ይኖርበታል።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መጋቢት መጀመሪያና መስከረም አጋማሽ አካባቢ፣ ቀን ላይ ሥርጭቱ ለጥቂት ደቂቃ ሲቆራረጥ ሰው ሪሲቨሩን ይነካካል፤ ዲሹ ላይ ያለውን ምልክት ተቀባይ፣ ኤልኤንቢውን፣ የሚቀይርም አለ። ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍና የራሷ የሬዲዮ ሞገድ ምልክቱን ስለሚውጠው ነው። ለጥቂት ቀናት በየዕለቱ በተቀራራቢ ሰዓት ይደጋገምና ይተዋል። ዲሹን ማዞር አያስፈልግም።

አውሮፕላኑስ እንዴት ቦታውን አይስትም?

ከአዲስ አበባ የሚነሳው አውሮፕላን የአዲስ አበባን መሬት ፍጥነት ይዞ ይነሳል፤ የሚበርበት አየርም ከምድር ጋር አብሮ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ከሥሩ አትሸሽም። ጥቂት ልዩነት ግን አለ፦ አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ በሰዓት ወደ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ከባሕር ዳር ትፈጥናለች። አብራሪው ነፋሱን ሲያርም ይህም አብሮ ይታረማል።

ይበልጥ የሚገርመው አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ እያለ የሚሆነው ነው። ትልልቆቹ የመንገደኞች ጀቶች አቅጣጫ የሚያውቁበት የሌዘር ጋይሮስኮፕ አላቸው። ከመነሳታቸው በፊት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ፈጽሞ ሳይንቀሳቀሱ ቆመው መሣሪያው እንዲስተካከል ይደረጋል። በዚያ ጊዜ መሣሪያው ወደ ውጭ ምንም ሳያይ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስትሽከረከር ይለካና ሰሜን ወዴት እንደሆነ ከዚያ ያወጣል። አውሮፕላኑ በመሐል ቢጎተት ሥራው ይበላሻል፣ እንደገና መጀመር ይሆናል። «ሁሉም አንጻራዊ ነው፣ ማን እንደዞረ አይታወቅም» ለሚለው መልሱ ይህ ነው፤ ሽክርክሪት ኮከብ ሳይታይ፣ ተዘግቶ ባለ ሳጥን ውስጥም ይለካል። በስልክ ለመሞከር የሚነሳ ይኖራል፤ የስልክ ዳሳሽ ግን የራሱ ስህተት ከዚህ ስለሚበልጥ አያዋጣም።

ፀሐይስ ቆማለች?

አልቆመችም፤ በዚህ ኮፐርኒከስም ተሳስቷል። ምድርና ፀሐይ ሁለቱም የሚዞሩት በጋራ የክብደት ማዕከላቸው ዙሪያ ነው። ፀሐይ 333,000 ጊዜ ስለምትከብድ ምድር ከመሐሏ የምታናጋት 450 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ፀሐይ ራሷ እኛን ሁሉ ይዛ ፍኖተ ሐሊብ በሚባለው የከዋክብት ስብስባችን ማዕከል ዙሪያ በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች።

የፎኮን ፔንዱለም ባሕር ዳር ላይ መስቀል ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሊዮን ፎኮ በ1851 ፓሪስ ፓንቴዎን ውስጥ በ67 ሜትር ሽቦ 28 ኪሎ ኳስ ሰቅሎ የሚወዛወዝበት መስመር ቀስ እያለ ሲዞር ለሕዝብ አሳየ። ከሥሩ የምትዞረው ምድር ናት። ፓሪስ ላይ በሰዓት 11 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ለምድር ወገብ በቀረቡ ቁጥር ይቀንሳል፣ ወገቡ ላይ ዜሮ ይሆናል። ባሕር ዳር ላይ በሰዓት 3 ዲግሪ ብቻ ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር አምስት ቀን ገደማ ይፈጃል። ሌላው የታወቀ ሙከራ፣ ከከፍታ የተለቀቀ ነገር ወደ ምሥራቅ ማፈንገጡ፣ እዚህ ከፓሪስ ይልቅ ጥቂት ይሻላል፤ ሆኖም 42 ሜትር ከሚሆነው ከጢስ ዓባይ አናት በተለቀቀ ድንጋይ ላይ እንኳ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነፋሱና ርጭቱ ይውጡታል።

ለፔንዱለሙ ነፋስ የማይገባበት፣ ጣሪያው 10 ሜትር ያህል ከፍ ያለ የስፖርት አዳራሽ ይበቃል። ክብደቱ 7.26 ኪሎ የሆነው የወንዶች አሎሎ ጥሩ ኳስ ነው፤ ሽቦው 1 ሚሊ ሜትር ብረት። የላይኛው ጫፍ በቋጠሮ ከታሰረ ሽቦው ወደ አንድ ጎን ያደላና ሙከራው ያልቃል። የድሪል አፍ ከሁሉም ጎን እኩል ስለሚይዝ ለዚህ ይመረጣል፤ የሚታሰርበት ብረት ራሱ መነቃነቅ የለበትም። ኳሱን ከመሐል 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ስቦ በጥጥ ክር ማሰር፣ ፈጽሞ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ከዚያ ክሩን በክብሪት ማቃጠል ነው። በእጅ መልቀቅ አይቻልም፤ እጅ ሳይታወቀው ወደ ጎን ይገፋል።

አንዱ ውዝዋዜ ደርሶ መልስ 6.3 ሰከንድ ይፈጃል። በሰዓት የሚጠበቀው ለውጥ በ40 ሳንቲ ሜትሩ ክብ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ። ውዝዋዜው ስለሚያጥር ወለሉ ላይ መስመሩን እንጂ የጫፉን ነጥብ ብቻ ማስመር አይገባም። ትልቁ ጠላት ኳሱ ቀጥ ብሎ መመላለሱን ትቶ እንደ እንቁላል ቅርጽ መዞር መጀመሩ ነው። በዚህ ርዝመትና ስፋት ኳሱ በመሐል ነጥቡ ላይ ሳያልፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ካለፈ፣ ያ ራሱ ከምድር መዞር ጋር እኩል የሆነ የሐሰት ለውጥ ይፈጥራል። ስለዚህ ኳሱ በመሐሉ ምልክት ላይ ማለፉን በየአሥር ደቂቃው ማየት ያስፈልጋል። ለውጡ በሰዓት 6 ወይም 7 ዲግሪ ከሆነ፣ ወይም በተቃራኒው አቅጣጫ ከሄደ፣ የሚታየው ምድር ሳትሆን የላይኛው ማሰሪያ ነው፤ ሽቦውን 90 ዲግሪ አዙሮ አስሮ እንደገና መሞከር ይገባል።